ትልቅ የቅንጦት አውቶሞቢል ሲፈትሹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ በአዳማ መንገዶች

መርሴዲስ ኤስ ክላስ፣ ሌክሰስ ኤልኤስ ወይም ቢኤምደብሊው 7 ሲሪየስ ለሽያጭ ሲቀርብ ሙከራው ብዙውን ጊዜ አስፋልት ላይ አንድ ዙር ዞሮ መመለስ ነው። ቆዳው ይዳሰሳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ነዳጅ ይረገጣል፣ ከዚያ ወደ ዋጋ ይገባል። እንዲህ ያለ መኪና ግን ጥፋቱን በአሥር ደቂቃ አያሳይም። ወፍራሙ ጎሚኒ (በብረቶቹ መሃል የሚገባው ላስቲክ)፣ ድርብ መስታወቱና የአየር ሾኩ (በሞላ ፈንታ አየር በተሞላ የላስቲክ ከረጢት መኪናውን የሚሸከመው) የተሠሩት መንገዱንና ሜካኒካሉን ከተሳፋሪው እንዲደብቁ ነው፤ የመንገዱን ጉድጓድ እንደሚደብቁ ሁሉ የመኪናውንም ሕመም ይደብቃሉ። ስለዚህ መኪናው መደበቅ የማይችልበት ቦታና ሰዓት እየመረጡ መፈተሽ ያስፈልጋል። አዳማ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት።

ሞቆ የጠበቀዎትን መኪና መቀበል

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ካቆየ የቀዝቃዛ ሞተር ድምፅና ጭስ አመለጠዎት። ከዚህ የሚብሰው ግን የአየር ሾኩ ምርመራ ማምለጡ ነው። መኪናው ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ እንዲያድር ይጠይቁ። ሲቆም በአራቱም ጎማ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩና ይጻፉ። ጠዋት በር ሳይከፈት ደግመው ይለኩ፤ አንዳንዱ መኪና በር ሲከፈት ለሾኩ አየር የሚሞላውን ኮምፕሬሰር ቀስቅሶ ራሱን ያስተካክላልና። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ተለይቶ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ከወረደ አየር ያፈሳል ማለት ነው።

የሚያፈሰው በአብዛኛው የላስቲኩ ከረጢት ነው፤ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ኮምፕሬሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ደጋግሞ ይነሳል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ስለዚህ «ኮምፕሬሰሩ አዲስ ነው» ሲባሉ ደስ አይበልዎት፤ የመጀመሪያው ለምን ተቃጠለ ብለው ይጠይቁ። ከረጢቱንና የቱቦ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ የሚነሳበትን ቦታ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የአየር ሾኩ ወጥቶ ተራ ሞላ የገባለት መኪናም ያጋጥማል። ለጥገና ይረክሳል፣ ለመግዛትም ክልክል አይደለም። ነገር ግን የሚገዙት ያ በስሙ የሚታወቀው ምቾት ስላልሆነ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። ከፍ ማድረጊያ ቁልፍ ካለውና ሲጫኑት መኪናው ካልተነሳ ተራ ሞላ ገብቶለት እንደሆነ ይዩ።

ስለ ሾክ መፍረድ፣ ጎማውን ሳያዩ

መኪናው ደረቀ፣ ይነጥራል ተብሎ ሾክ የሚቀየርባቸው ብዙ ጊዜዎች አሉ፤ ጥፋቱ ግን የጎማ ነው። ለኤስ ክላስ የሚሆነው 245/50 አር 18 ጎማ ጎኑ 122 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ አለው። ለማማር ሲባል 245/40 አር 20 ሲገባ ጎኑ 98 ሚሊሜትር ይሆናል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት አልተለወጠም፤ ጉድጓዱን የሚውጠው ላስቲክ ግን 24 ሚሊሜትር ቀንሷል። በአዳማ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ ይህ ልዩነት ወገብ ድረስ ይሰማል። ቸርኬውም በቀላሉ ይጣመማል። 7 ሲሪየስ ላይ ደግሞ ተበስቶም የሚሄደው ጎማ መግጠሙን ይመልከቱ፤ ጎኑ በጣም የጠነከረ ስለሆነ በተራ ጎማ ከተፈተሸ ሌላ መኪና ጋር አይነጻጸርም።

የጎማው ነፋስ የሚለካው መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ምሰሶ ወይም በነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል። ከተጻፈው 6 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) ቢቀነስ ማንኛውም መኪና ይለሰልሳል፤ ይህን ለሙከራ ቀን ብቻ የሚያደርጉ አሉ። በጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም ያንብቡ፦ 2319 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2019 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ስድስት ዓመት ያለፈው ላስቲክ ደርቋል።

ከሹፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ ስለ ምቾት መወሰን

ይህ መኪና የተሠራው ከኋላ በቀኝ በኩል ለሚቀመጠው ሰው ነው። ሰው ያሽከርክርልዎትና ቢያንስ 45 ደቂቃ እዚያ ይቀመጡ። ለስላሳ ወንበር በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሁልጊዜ ያሸንፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ታፋ ካልተደገፈ ወገብ መናገር ይጀምራል። አጭሩንና ረጅሙን ሞዴልም አያምታቱ፦ ደብሊው 221 በሚባለው የኤስ ክላስ ትውልድ አጭሩ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል 3,035፣ ረጅሙ 3,165 ሚሊሜትር ነው። የ130ው ልዩነት በሙሉ ለኋለኛው ተሳፋሪ ጉልበት ነው። ፎቶ ላይ አይለይም፤ የኋላ በሩን ርዝመት ከፊተኛው ጋር ማነጻጸር ያሳያል።

በዚያው ቁጭ ብለው ኮብልስቶን ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እንዲነዳ ያድርጉ፤ ሬዲዮ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት። ከፊት «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ጎሚኒ ወይም ቴስቲናው (መጋጠሚያው) አልቆ ሊሆን ይችላል። በሌክሰስ ኤልኤስ 460 ላይ የፊት ክንዶቹ ጎሚኒ ማለቅ የታወቀ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ አንድ ወገን መሳቡም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል።

በካታሎግ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት አዳማ ላይ መጠበቅ

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር አየሩን ራሱ ስለሚስብ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል፤ 380 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት የኤልኤስ 460 ሞተር አዳማ ላይ 310 አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሞተሩ አልታመመም። ተርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአመዛኙ ይሸፍናል፤ እንዲያውም ተርቦ ያለው ሞተር አዳማ ላይ ደካማ ከሆነ ያኔ ነው መጠርጠር ያለብዎት፦ የአየር ቱቦ ተፈቷል ወይም ተርቦው ደክሟል። ኤሌክትሪክ መኪና በከፍታ ጉልበት አይቀንስም።

ከቆመበት ተነስቶ 100 መድረስን መለካት ለመንገዱ ሰው አደጋ ነው፤ ስለ መኪናውም ብዙ አይነግርም። በፍጥነት መንገዱ ላይ ከተፈቀደው 120 ሳያልፉ፣ አራት ሰው ጭነው፣ ኤሲ ከፍተው፣ ከ80 እስከ 120 የሚፈጀውን ሰከንድ በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩና አማካዩን ይውሰዱ። የሚፈልጉት ጉልበት ከባድ መኪና የሚቀድሙበት ነውና።

የአዳማን ነፋስ መርሳት

ከከተማው ወጣ ብሎ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎን የሚመታ ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ የተለካ የውስጥ ድምፅ ስለ በር ላስቲኩ ምንም አይናገርም። ማለዳ ይውጡ፣ የኤሲውን ፋን ዝቅ ያድርጉ፣ የድምፅ መለኪያ የተጫነበትን ስልክ በኋላ ወንበር ራስ ከፍታ ይዘው በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄደውም ተመልሰውም ይለኩ። የስልክ መለኪያ ፍጹም አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ዴሲቤል ልዩነት ላይ አይከራከሩ።

ኤሲው በተቃራኒው እኩለ ቀን ላይ ነው የሚፈተሸው፦ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ከጋለ በኋላ፣ ከኋላ ወንበሩ የአየር ማውጫ። ሲሄድ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ፋን ይዩ።

ኮምፒውተር ሲገባ ስህተት ካልታየ ማመን

ሻጩ የስህተት ኮዱን ጠዋት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። መካኒኩ መኪናው በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው ምርመራዎች መጠናቀቃቸውን ያንብብ፤ ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ከረጅም ጉዞ በኋላ እንደገና ይነበብ።

ዳገትና ቁልቁለት ሳያዩ መመለስ

በዴራና በኢተያ አድርጎ አሰላ የሚወጣው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ ወደ 800 ሜትር ከፍታ ይጨመራል። ሲወጡ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። ነዳጁ በቀላሉ ተረግጦ ካምቢዮው ማርሽ ሲለውጥ ከመታ ወይም ሞተሩ ብቻውን ከጮኸ ልብ ይበሉ፤ የካምቢዮው ዘይት ሲግል ነው ይህ የሚታየው። ሲወርዱ ሁለት ቶን የሚጠጋ ክብደት ፍሬኑ ላይ ነው። መሪው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፤ ፍሬን ሳይያዝም በ100 እና በ120 መሃል ከተንቀጠቀጠ የጎማ ባላንስ ነው፣ ዋጋውም ከዲስክ ጋር አይቀራረብም። አዳማ ሲደርሱ መኪናውን ያቁሙና አራቱም ቸርኬ አጠገብ እጅዎን ሳያስነኩ ሙቀቱን ያነጻጽሩ፤ አንዱ ተለይቶ ከጋለ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው የፍሬን ካሊፐር አልለቀቀም።