ትንበያው «14» ይላል፣ ሸራው ግን ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ነው

ባለፈው በጋ ደሴ ላይ በረንዳዬን የሸፈንኩበት ሸራ ከነገመዱ ተነሥቶ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ተሰጣ። ስልኬን ከፍቼ ሳይ ነፋሱ 14 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይላል። ትንበያውን ስረግም ቆየሁ። በኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማየውን ቁጥር አላውቀውም ነበር። እናንተም እንደኔ ከተናደዳችሁ፣ አብሽሩ፣ ችግሩ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ፣ ነፋሱ ትልቅ ሲሆን

14 ማለት አማካይ ነው። በተለመደው አሠራር የ10 ደቂቃ ነፋስ ተደምሮ ይካፈላል፤ የሚለካውም ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ሸራ የሚነቅለው ግን አማካዩ አይደለም። ለጥቂት ሰከንድ ገፍቶ የሚያልፈው ድንገተኛው ነፋስ ነው። የዚያን ቀን እሱም ከሥር በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር፦ 42።

ከ14 እስከ 42 ሦስት እጥፍ ይመስላል። የሚገፋው ጉልበት ግን ዘጠኝ እጥፍ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። ስለዚህ ሸራ፣ ዲሽ ወይም የላላ ቆርቆሮ ካላችሁ አማካዩን ተዉት፣ ትልቁን ቁጥር ብቻ እዩ። ስልክ በእጃችሁ ከሌለ ባሕር ዛፉን እዩ። ትልልቅ ቅርንጫፎቹ ከተወዛወዙና የመብራት ሽቦው ካፏጨ 40 ገደማ ደርሷል።

ቁጥሩ ጭራሽ የማይመስል ከሆነ

መለኪያውን እዩ። «8» በሜትር በሰከንድ ከሆነ 29 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በኖት (የመርከብና የአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ) ከሆነ ግን 15 ብቻ። ሰዓቱንም አትርሱ፦ 15:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ይሄ ስንቱን አሳስቷል!

አቅጣጫው የተገለበጠ ሲመስል

«ምሥራቅ» ከተባለ ነፋሱ ከምሥራቅ መጣ ማለት ነው፣ ወደ ምሥራቅ ሄደ አይደለም። ደሴ አጠገብ ገራዶ አውድማ ላይ የቆመ ገበሬም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ነፋሱ ከየት መጣ? አንድ እፍኝ ወደ ላይ ይበትናል፤ እህሉ እግሩ ሥር ይወድቃል፣ ገለባው የነፋሱን መሄጃ ያሳየዋል። ግራ የሚያጋባው የስልኩ ቀስት ነው። ብዙ ጊዜ ቀስቱ መሄጃውን፣ ጽሑፉ ደግሞ መምጫውን ይናገራሉ። ከተምታታባችሁ የከሰሉን ጭስ እዩና አስተያዩ።

ኮምቦልቻ የሚሠራው ደሴ ላይ አልሠራ ሲል

ይሄኛው በማንበብ ብቻ አይፈታም። ሁለቱ ከተሞች በአየር መስመር 13 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ በከፍታ ግን ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች። የዓለምን አየር የሚተነብዩት የኮምፒውተር ሞዴሎች፣ ጥሩ የሚባለው የአውሮፓው ሳይቀር፣ መሬቱን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ቁራጮች ነው የሚያዩት። በአንዱ ቁራጭ ውስጥ የጦሳ ተራራ አናትና ከሥሩ ያለው የደሴ ፒያሳ አንድ ላይ ይዳመጣሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ሐረጎ ዳገት ላይ ነፋሱ እንዴት እንደሚታጠፍ ሞዴሉ አያውቅም።

ተራራ የራሱ ነፋስ አለው። ቀን ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ከቦርከና ሸለቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማታ ይቀዘቅዝና ቁልቁል ይንሸራተታል። መፍትሄው ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት ትንበያውንና በራችሁ ላይ ያያችሁትን ጎን ለጎን ጻፉ። የኔ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ከትንበያው ሁልጊዜ ይብሳል፤ ስለዚህ በጭንቅላቴ እጨምርበታለሁ።

ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ሲመጣ

በልግና ክረምት ላይ ከጠቆረ ደመና ዝናብ ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር አብሮ ይወርድና መሬት ላይ ይበተናል። ዝናቡን ቀድሞ ይደርሳል። የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት እንደሚመታ ስልክ ከጠዋቱ አይነግራችሁም። ሰማዩ ጠቁሮ ፊታችሁን ቀዝቃዛ ነፋስ ከመታው ያላችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ መጀመሪያ ሸራውን፣ ከዚያ ልብሱን።

እኔ አሁን ሸራውን ማታ ማታ አወርደዋለሁ። ዲሹን ግን እስካሁን አላሰርኩትም።