ኦዲተር ልንመርጥ ስንል የገጠመን ችግርና መፍትሔው

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ያለ አነስተኛ አክሲዮን ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ጠቅላላ ጉባኤው ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ነገር ከነከነኝ። ለኦዲተርነት ያሰብነው ልጅ በየወሩ እየተከፈለው መዝገባችንን የሚሠራልን ራሱ ነው። በዚያ ላይ የአንድ ዳይሬክተራችን የእህት ልጅ ነው።

ጎበዝ ልጅ ነው፤ የሙያ ፈቃድም አለው። እኔም ፈቃድ ካለው ይበቃል ብዬ ነበር። አይበቃም። የንግድ ሕጉ ኦዲተሩ ገለልተኛ እንዲሆን ይፈልጋል። መሥራች፣ ዳይሬክተር፣ የእነሱ የቅርብ ዘመድ፣ ወይም ከኦዲት ውጪ ለሆነ ሥራ ከማኅበሩ ደመወዝ የሚቀበል ሰው አይመረጥም። ይህ ክልከላ በ1952ቱ ሕግም ነበር። አሁን የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው።

ሰብሳቢያችን መጀመሪያ ከፋቸው። «ልጁን እኮ እናምነዋለን» አሉኝ። «ጋሼ፣ እኔም አምነዋለሁ። ግን የጻፈውን ራሱ እንዴት ያርመዋል?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እውነትሽን ነው» አሉ።

ልጁ ሂሳብ መሥራቱን ቀጠለ። ለኦዲቱ ሌላ ባለሙያ ፈለግን። ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ያገኘችው ፈቃድ መታደሱን አየሁ። ከባለአክሲዮኖቹና ከዳይሬክተሮቹ ጋር ዝምድናም የጥቅም ግንኙነትም እንደሌላት በጽሑፍ አረጋገጠችልን። ወረቀቱን ከቃለ ጉባኤው ጋር አያያዝኩት።

ምርጫውን ለማኅበራችን የዳይሬክተሮች ቦርድ አልተውነውም። ኦዲተር የሚሾመው ጠቅላላ ጉባኤው ስለሆነ ስሟ ቀርቦ ድምፅ ተሰጠበት፤ ክፍያዋም እዚያው ተወሰነ።