«አስሙ ለቆኛል»፦ ልጅ የኤችአይቪ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ

ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። አንድ ቀን አልጋ ሳነሳ ልስኑ የተሰነጠቀበት ቦታ ወረቀት ተወትፎ አየሁ። ስፈታው ኪኒን ነው። ቆጠርኩት፣ 11።

የደበቀው የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ካረፈች ጀምሮ ከእናቴና ከእኔ ጋር ይኖራል። ኪኒኑን ሳገኝ 9 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀጠሮ ቫይራል ሎዱ (ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ከፍ ብሎ መጥቶ ነርሷ «እየወሰደ ነው?» ስትለኝ «እንዴታ! በገዛ እጄ ነው የምሰጠው» ብዬ ተኮሳትሬ ነበር። መስጠትና መዋጥ ለየቅል ናቸው ለካ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ልገርፈው አሰብኩ። እናቴ «ተው አንተ፣ እስቲ ጠይቀው» አለችኝ። ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ አስሙ እኮ ለቆኛል። አላስልም።»

እንግዳ ሲመጣ «የአስም መድኃኒት ነው» የምንለውን ልጁም አምኖ ኖሯል። ሳሉ ሲጠፋ መድኃኒቱን ተወ። እንዲያውም ብልህ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ መውሰድ ሲያቆም ከቁጣው በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። ምሬት ሊሆን ይችላል፣ ማቅለሽለሽ ሊሆን ይችላል፣ የጓደኛ ዓይን ሊሆን ይችላል፣ ወይ ዝም ብሎ መሰልቸት። ደግሞ «ወስደሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «በዚህ ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ?» በሉት። መርሳት ያለ ነገር መሆኑን ካወቀ ይናገራል። በወር አንዴም ብልቃጡን አብራችሁ ቁጠሩ። እንደ ፖሊስ ሳይሆን እንደ ጨዋታ።

ሰዓት። እኔ የስልክ አላርም ሞላሁ። ስልኩ ከእኔ ጋር ይወጣል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይዘጋል። አልሠራም። የሠራው እግር መታጠቢያው ነው። እናቴ ማታ ሳትታጠብና ሳታስታጥብ አትተኛም። ውሃው ሲሞቅ እሷ የደም ግፊቷን፣ እሱ የራሱን ይውጣሉ። ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ የማይቀር ነገር ፈልጉና ከእሱ ጋር እሰሩት። በቀን አንዴ ለሚወስድ ልጅ ማታው ይሻላል፤ የትምህርት ቤት ጥድፊያ የለም። ሰዓቱን ስትቀይሩ ግን ክሊኒኩን አማክሩ።

ምሬትን በተመለከተ፣ የኛ ልጅ በሕፃንነቱ ሲወስድ የነበረው ሽሮፕ ሬት ነበር። አሁን ለትንንሾቹ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ባለ 10 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር የሚባል የኤችአይቪ መድኃኒት አለ፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። በጥቂት ንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አጠጡት፣ ብርጭቆውንም አለቅልቃችሁ ድገሙት። የጎጃም ሰው ነንና ማር ማስከተል ይቀናናል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ክልክል ነው። ልጁ 20 ኪሎ ሲደርስ ባለ 50 ሚሊ ግራሟ የትልቅ ሰው ኪኒን ትመጣለች። መዋጥ ያስተማርኩት በዳቦ ነው። ለስላሳውን ክፍል ማሽላ አሳክዬ አድበለበልኩለት፣ በሳምንቱ ባቄላ ያህል ዋጠ።

ከወሰደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ድገሙለት። ከረሳ ባስታወሳችሁበት ሰዓት ስጡት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ግን ሁለቱን አትደርቡ። ለደም ማነስ የሚታዘዘው የብረት ኪኒን ወይም አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ከዶሉቴግራቪር ጋር አይስማማም። ዶሉቴግራቪሩ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። ብረቱን ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ መውሰድ ይቻላል። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ደግሞ ወዲያው ንገሩ፣ መጠኑ ሊቀየር ይችላል። መጠኑ በኪሎ ስለሆነ ልጁን ቤት ትታችሁ መድኃኒት ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ፤ ሚዛን ላይ ይውጣ።

ፀበል። እናቴ ሱባኤ ልትይዝና ልጁን ወስዳ መድኃኒቱን ልታስቆመው ነበር። ከእሷ ጋር መከራከር አልቻልኩም። ነፍስ አባታችንን ጠራሁ። «ፀበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ» አሉ፣ አለቀ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ሁለቱ አይጋጩም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ብልቃጡን ይዘው ሄዱ። ሲራመዱ እንዳይንኳኳ ጥጥ ከላይ ጣል አድርጌበታለሁ። ውስጡ ያለችውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ግን አታውጧት።

መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ «አንድ ሳምንት ሲቀረኝ እሄዳለሁ» አይሠራም። በሕክምናው የረጋ ልጅ ከሆነ የበርካታ ወር መድኃኒት እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ የክትትል ካርዱንም አትለዩ።

አሁን ወደ አስሙ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በትምህርት ቤት ዕድሜያቸው፣ በአቅማቸው፣ ቀስ በቀስ እንዲያውቁ ይመክራል። እኔና ነርሷ በሦስት ቀጠሮ ከፋፈልነው። መጀመሪያ «ደምህ ውስጥ የተኛ ነገር አለ፣ መድኃኒቱ እንዳይነቃ ይጠብቀዋል» አልነው። አስም የሚለውን ቃል ከቤት አስወጣን። ለጎረቤት «የሐኪም ትእዛዝ ነው» ይበቃል። ስሙን የነገርነው በመጨረሻ ነው። ዝም ብሎ ቆየና «እናቴም በእሱ ነው?» አለ።

«አዎ። እሷ መድኃኒቱን ስትጀምር ዘግይታ ነበር።»

አላለቀሰም። «ለማን ለማን ነው የሚነገረው?» ሲል ነው እኔ ዓይኔን የጠረግኩት። ይሄን ጥያቄ ቀድማችሁ ተዘጋጁበት። እኛ ሦስት ሰው ቆጠርንለት፦ አያቱ፣ እኔ፣ ነርሷ። ሌላ ሰው መጨመር ሲያምረው መጀመሪያ እንመካከራለን።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ውስጥ ምንም አላገኘሁም፣ ቫይራል ሎዱም ወርዷል። አሁን 12 ዓመቱ ነው። ብልቃጡን ራሱ ይከፍታል፣ እኔ ግን ሲውጥ አያለሁ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ ገና ነው። ባለፈው ሳምንት ጓደኛው ቤት ለማደር ፈቃድ ጠየቀኝ። ከመሄዱ በፊት እግሩን በ12 ሰዓት ታጠበ።