«ቅብጠት» እና «ጥጋብ» ከማለታችን በፊት፦ የቦርደርላይን ጠባይ የሚታይበትን ታዳጊ እንዴት እንረዳ፣ እንዴትስ እንያዝ

ጠዋት እየሳቀች «እንደናንተ የሚወደኝ የለም» ያለች ልጅ፣ ማታ አንድ ነገር ስለከለከላችኋት ብቻ «ድሮም ትጠሉኛላችሁ» ብላ በሩን ድርግም አድርጋ ትዘጋለች። ወንዱ ደግሞ ጓደኛው መልእክቱን አይቶ ሳይመልስለት ስለቆየ ግድግዳውን በቡጢ ይመታል። ቤተሰቡም ዛሬ ደግሞ ምን ይመጣ ይሆን እያለ ትንፋሹን ውጦ ይኖራል።

ለሷ የሚወጣላት ስም «ቅብጠት» ወይም «ድራማ» ነው። ለሱ «ጥጋብ»። እነዚህ ስሞች የኛን ንዴት ያስተነፍሱልን ይሆናል እንጂ ልጁ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ አንዲት ነገር አይነግሩንም። ይህን የምጽፈው ለወላጅ፣ ለታላቅ ወንድምና እህት፣ ለአስተማሪም ነው። ከጠባዩ ጀርባ ያለውን ካወቃችሁ የምትናገሩት ነገር ይለወጣል፣ የምትናገሩት ሲለወጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤቱም ይረጋጋል።

መጀመሪያ ስሙን በልኩ ያዙት

ሕመሙ በሙሉ ስሙ ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (የስብዕና መታወክ ዓይነት) ይባላል። ቦርደርላይን ማለት «ድንበር ላይ ያለ» እንደማለት ነው። አዶልፍ ስተርን የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮአናሊስት እ.ኤ.አ. በ1938 የተጠቀመበት፣ በጊዜው በሚታወቁት የሕመም ክፍሎች ውስጥ አልገባ ያሉትን ታካሚዎች ለመግለጽ ነበር። ስሙ እስካሁን ቀርቷል፣ ግን ብዙም የሚያስረዳ ስም አይደለም።

ባለሙያዎች የሚያዩዋቸው ምልክቶች 9 ናቸው፦ እተዋለሁ የሚል ብርቱ ፍርሃት፣ ሰውን ዛሬ መልአክ ነገ ሰይጣን የሚያደርግ ግንኙነት፣ እኔ ማን ነኝ የሚለው ነገር አለመርጋት፣ ሳያስቡ አደገኛ ነገር ውስጥ መግባት፣ ራስን መጉዳት ወይም ራስን ስለማጥፋት ማሰብና መናገር፣ በሰዓታት ውስጥ የሚገለባበጥ ስሜት፣ የማይሞላ ባዶነት፣ ለመቆጣጠር የሚያስቸግር ቁጣ፣ እና ጭንቀት ሲበረታ ሰውን ሁሉ መጠራጠር ወይም ከራስ ተነጥሎ ራስን ከሩቅ የማየት ዓይነት ስሜት። ሕመሙ አለ ለመባል ቢያንስ 5ቱ ያስፈልጋሉ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቢያንስ ለ1 ዓመት የቆየ መሆን አለበት።

ይህን ያመጣሁት ቁጭ ብላችሁ ልጃችሁን እንድትቆጥሩበት አይደለም። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ብልጭ የማይሉበት ታዳጊ ማግኘት ከባድ ነው። ልዩነቱ በብርታቱና በቆይታው ላይ ነው፣ ትምህርቱንና ጓደኝነቱን ማበላሸት አለማበላሸቱም ይታያል። ፍርዱ የባለሙያ ነው። የእናንተ ድርሻ ሕመም ተባለም አልተባለም ልጁ የሚሰማውን መረዳት ነው።

ከጠባዩ ጀርባ ምን አለ

አንዳንድ ልጅ ሲፈጠርም ሆደ ባሻ ነው። ስሜቱ ቶሎ ይነካል፣ ሲነካ በኃይል ይነዳል፣ ለመብረድም ከሌላው ልጅ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ቁስል ላይ ላባ ቢያርፍም ያማል። በመንትዮችና በቤተሰብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲታዩ ከሰው ሰው ካለው ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ማን ላይ አይቶ ነው እንዲህ የሆነው» የሚለው ጥያቄ ሁሌም መልስ የለውም።

ግን ሆደ ባሻነት ብቻውን እዚህ አያደርስም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊንሃን እ.ኤ.አ. በ1993 ያብራራችው ነገር ለኔ ከሁሉም በላይ ነገሩን የሚያስረዳው ነው። በጣም የሚሰማው ልጅ፣ የሚሰማውን ነገር ዘወትር ከሚያጣጥልበት አካባቢ ጋር ሲገናኝ ችግሩ ይበቅላል። ማጣጣል ሲባል የግድ ክፋት መሆን የለበትም። «ለዚህ ብለሽ ነው የምታለቅሺው?» «ምንም አልሆንክም፣ ተነሳ።» «ወንድ ልጅ አያለቅስም።» «እህትሽን አታይም? እሷ መች እንዲህ ትሆናለች?» እነዚህን ያላለ ወላጅ ማን አለ? አብዛኞቻችን የምንለው ልጁን ለማጽናናት ብለን ነው። ልጁ ጋ የሚደርሰው ግን «የሚሰማህ ነገር ስህተት ነው» የሚል መልእክት ነው።

ከዚያ የሚመጣውን አስተውሉ። ቀስ ብሎ «ከፋኝ» ሲል የሚሰማው አጣ። ሲጮህ፣ ሲሰብር፣ ራሱን ሲጎዳ ግን ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፣ እሱም አቅዶ አላደረገውም፣ ግን ሰውነቱ ተማረ፦ ካልፈነዳሁ አልሰማም። እኛ ደግሞ ከፍንዳታው በኋላ «አስመሳይ ነው» ብለን ይብስ እናጣጥለዋለን። አዙሪቱ ይኸው ነው። እኔን ሁሌ የሚያሳዝነኝ አዙሪቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚዋደዱ ሰዎች መሆናቸው ነው።

መጎዳትም አለ። መደብደብ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ቸል መባል፣ ለዓመታት በእኩዮች መሰደብና መገለል፣ እነዚህ ሁሉ ለዚህ ጠባይ ያጋልጣሉ። ያም ሆኖ ይህ ጠባይ ያለበት ሁሉ ጥቃት ደርሶበታል ማለት አይደለም። ቤተሰቡን በጅምላ አትክሰሱ፤ ልጁ ግን የሆነ ነገር ሊነግራችሁ ከጀመረ ሥራችሁን ጥላችሁ ስሙት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የሌላውን ልብ የማንበብ ችሎታ ነው። ፒተር ፎናጊና አንቶኒ ቤትማን የሚባሉ ባለሙያዎች ሕክምናቸውን የመሠረቱት እዚህ ላይ ነው። ማናችንም ስሜታችን ሲግል «እሱ ምን አስቦ ይሆን?» ማለቱ ይጠፋብናል። እነዚህ ልጆች ላይ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል፣ በተለይ በሚወዱት ሰው ፊት። ስትመለሱ ደክሟችሁ ፊታችሁ ጠቆር ካለ እሷ ያነበበችው «ደክሟቸዋል» ሳይሆን «ጠልተውኛል» ነው። እየዋሸች አይደለም። በዚያች ቅጽበት በእርግጥ የተጠላች ያህል ይሰማታል። ዕድሜውንም አትርሱ፦ ስሜትን የሚገታውና አርቆ የሚያስበው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ አይበስልም።

ሴቶቹና ወንዶቹ ላይ ለምን ተለያየ

ሕክምና ቤት የሚመጡት በብዛት ሴቶች ናቸው። ሕዝቡ መሃል በተደረጉ ጥናቶች ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል። የት ሄዱ ታዲያ ወንዶቹ?

ሴቶቹ ሕመሙን ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ነው የሚያዞሩት፦ ራስን መጉዳት፣ የአመጋገብ መዛባት፣ ድብርት፣ አንዲት ጓደኛ ላይ ሙጭጭ ማለት። ወንዶቹ ወደ ውጭ ያወጡታል፦ ጠብ፣ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ፣ ነገር መስበር፣ አደገኛ አነዳድ። ስለዚህ እሷ «ድብርት» ተብላ ብትታከም እሱ «ባለጌ» ተብሎ ይቀጣል ወይም ከትምህርት ቤት ይባረራል። እተዋለሁ ብሎ ለሚፈራ ልጅ መባረርን መድኃኒት አድርጎ መስጠት ማለት ነው! ወንድ ልጃችሁ ሲፈነዳ ከፍንዳታው በፊት የነበሩትን ሁለት ሰዓታት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ውርደት ወይም መተው አለ፣ እሱ ግን ቃል የለውም። ይህን ያልኩት በብዛት የሚታየውን ነው፤ ራሱን የሚጎዳ ወንድ፣ ሰው የምትደበድብ ሴትም አሉ።

ራስን መጉዳት ካለ ከዚህ ጀምሩ

ራሷን የምትጎዳ ከሆነ ወይም ስለ ሞት የምታወራ ከሆነ «ትኩረት ፈልጋ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስሽን ስለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራባትም፣ ይልቁንም ብቻዋን የተሸከመችውን ያቀልላታል። መድኃኒቶችን፣ ስለትና መርዛማ ነገሮችን ቆልፉባቸው። አደጋው የቀረበ ከመሰላችሁ ብቻዋን አትተዉአት፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ውሰዷት። ቁስል ስታዩ በድንጋጤ አትጩሁ፣ ስብከትም አትጀምሩ። ቁስሉን እየጠረጋችሁ «በጣም ከብዶሽ ነበር ማለት ነው» ማለት ይበቃል። ምክሩ ነገም ይደርሳል።

እንዴት እንነጋገር

ስሜቱን ተቀበሉ፣ ድርጊቱን ግን አትፍቀዱ። ዋናው ነገር ይኸው ነው፣ ለመልመድም ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ስሜቱን ከተቀበልኩለት ማሞላቀቅ ይሆናል ብሎ ነው። አይሆንም። «ሳይጠሩህ መሄዳቸው ያማል፣ እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር። በሩን መስበር ግን አይቻልም» ሲባል ሁለቱም አሉ። ልብ በሉ፣ መሃሉ ላይ ያለችው «ግን» የፊተኛውን እንዳትበላው ቆም በሉ። የመጀመሪያውን ተናገሩ፣ ዝም በሉ፣ ትንፋሹ ሲረግብ ሁለተኛውን አምጡ።

«ትጠሉኛላችሁ» ስትባሉ «እንዴት እንዲህ ትያለሽ፣ ይህን ሁሉ አድርገንልሽ!» ማለት ያምራችኋል። ይገባኛል፣ ልብ ይሰብራል። ግን ልጅቷ በዚያን ሰዓት የውለታ ዝርዝር መስማት አትችልም። «አሁን የተጠላሽ መስሎ ተሰምቶሻል። ምን ሳደርግ ነው እንደዛ የተሰማሽ?» በሉ። ጥያቄው የእውነት ይሁን፣ የመርማሪ አይሁን። እናንተም ውስጣችሁ ያለውን በቃል አስቀምጡላት፦ «ፊቴ የጠቆረው ሥራ ላይ ተናድጄ ስለመጣሁ ነው፣ ባንቺ አይደለም።» ልባችሁን ራሷ እንድታነብ ከመተው መንገር ይሻላል።

ስሜቱ ጣራ ሲነካ ማስረዳት ልፋት ነው። ያኔ የሚሠራው ሰውነትን ማብረድ ነው፦ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር (የልብ ችግር ወይም የአመጋገብ መዛባት ካለ ሐኪም ሳያማክሩ አይሁን)፣ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣት። ይህን ሰላም በሆነ ቀን አብራችሁ ተለማመዱት እንጂ በጠብ መሃል «ሂድና ታጠብ» ብትሉት ስድብ ይሆንበታል። «ሃያ ደቂቃ ልውጣና እመለሳለሁ» ካላችሁ ደግሞ በሃያ ደቂቃው ተመለሱ። እተዋለሁ ብሎ ለሚፈራ ልጅ ያቺ ሰዓት አክባሪነት ትልቅ ነገር ናት።

ገደብ ስታበጁ

ጥቂት ይሁኑ፣ አይቀያየሩ። እናት የከለከለችውን አባት በድብቅ ከፈቀደ ልጁ ዓለምን በደግና በክፉ መክፈሉን እኛው ራሳችን እያስተማርነው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አስር ጊዜ ከልክሎ በአስራ አንደኛው ጩኸት እጅ መስጠት ነው፣ ምክንያቱም ልጁ የሚማረው እስከ አስራ አንድ መጮህ እንዳለበት ነው። ገደቡን ማጽናት ስትጀምሩ ጩኸቱ ለጥቂት ጊዜ ይብሳል። ያኔ «ይኸው አልሠራም» ብላችሁ እንዳትተዉት። የጸና ገደብ ግን ለጩኸትና ለጥያቄ ነው፤ ራስን የመጉዳት ነገር ከመጣ እልህ አትጋቡ፣ ደኅንነት ይቀድማል።

ትኩረታችሁን ለሰላሙ ቀን ስጡ። ሳይፈነዳ «ከፋኝ» ያለ ቀን ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙት። እንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው አዙሪቱን የሚሰብረው።

ስታጠፉም ይቅርታ ጠይቁ። «ትናንት የተናገርኩሽ ልክ አልነበረም» ያለ ወላጅ፣ ተጣልቶ መታረቅ እንዳለ፣ ጠብ ማለት መለያየት እንዳልሆነ አሳያት።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ

ለሁለት ሳምንት ያህል ትንሽ ደብተር ያዙ። ምን ተፈጠረ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ሌሊቱን ተኝቶ ነበር ወይ፣ እኛ ምን አልን፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ። እንቅልፍ ያጣበትን ቀን በተለይ ምልክት አድርጉበት። «ሁሌ እንዲህ ነው» ከማለት ይህ ማስታወሻ ለባለሙያው መቶ እጥፍ ይጠቅመዋል።

ለዚህ ጠባይ ብሎ የሚያድን ክኒን የለም። መድኃኒት ቢታዘዝ አብሮት ላለ ድብርት ወይም ጭንቀት ነው። ዋናው ሕክምና ንግግርና ልምምድ ነው። በጣም የሚታወቀው ሊንሃን የቀረጸችው ዲቢቲ (DBT፣ ስሜትን የመያዝ ክህሎት የሚያለማምድ የንግግር ሕክምና) ሲሆን ለታዳጊዎች የተዘጋጀው ወላጆችንም አብሮ ያሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የኖርዌይ ጥናት፣ ራሳቸውን ይጎዱ ከነበሩ 77 ታዳጊዎች መካከል ይህን ሕክምና ለ19 ሳምንታት ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ ራስን መጉዳቱ ቀንሶላቸዋል። የምትሄዱበት ባለሙያ ዲቢቲ ባይሠራም «ስሜትን የመያዝ ክህሎት ታስተምራላችሁ ወይ? ወላጆችንስ ታካትታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ተስፋውን ልንገራችሁ። ሜሪ ዛናሪኒ የተባለች ተመራማሪ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ 290 አዋቂ ታካሚዎችን ለ10 ዓመት ተከታትላ፣ 93 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለ2 ዓመት ሕመሙ የለባቸውም የሚባሉበት ደረጃ ደርሰው አግኝታቸዋለች። በሥራና በማኅበራዊ ኑሮም ጭምር ሙሉ በሙሉ የቆሙት ግን ግማሾቹ ነበሩ፤ ስለዚህ ሕክምናውን በልጅነት መጀመሩ ዋጋ አለው። ሊንሃን ራሷ በ17 ዓመቷ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ተናግራለች።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ልጁ ከባለሙያው ጋር ብቻውን የሚነጋገርበት ጊዜ ይኑረው። ሲወጣ «ምን ተባባላችሁ?» ብላችሁ አትመርምሩት። መናገር ከፈለገ መንገድ ላይ ራሱ ይጀምራል፣ ካልጀመረም ዝም ብላችሁ አብራችሁት ተራመዱ።