ያገለገለ የቤት ዕቃ መርጦ ቤትን ለተከራይ ወይም ለገዢ ማዘጋጀት፦ በጅማ አየር

ጅማ ውስጥ ቤቱን ሊያከራይ ወይም ሊሸጥ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ቤቱን ባዶውን ከፍቶ ደላላ ይጠራል፣ ወይ ደግሞ ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ ሶፋና ቡፌ እየገዛ ሳሎኑን ይሞላል። ባዶ ክፍል ለተመልካች ከእውነተኛ ስፋቱ ያነሰ መስሎ ይታየዋል፤ አልጋው የት እንደሚገባ፣ ጠረጴዛው ከተቀመጠ በኋላ መተላለፊያ ይተርፍ እንደሆነ ለመገመት ይቸገራልና። በአዲስ ዕቃ የተሞላ ቤት ደግሞ ባለቤቱን የብዙ ወር ኪራይ የሚበላ ወጪ ውስጥ ይከተዋል። እኔ ለዓመታት የሠራሁበት መንገድ ጥቂት፣ ጠንካራና በእጅ የታደሰ ያገለገለ ዕቃ መርጦ ማስገባት ነው። በተለይ በጅማ አየር አሮጌ ደረቅ እንጨት ከአዲስ ቺፑድ ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ምክንያቱንም ላስረዳ።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም በበልግ ጀምሮ ክረምቱን ይዞ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ የቤት ግድግዳና ወለል ለብዙ ወራት እርጥበት ይዘው ይቆያሉ። ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ በመሆኑ እርጥበት በተቆረጠው ጠርዙ በኩል ሲገባበት ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደነበረበት አይመለስም። ይህን የተማርኩት ከከተማው ሊወጣ ከተዘጋጀ አንድ ተከራይ ነጭ የቺፑድ ቁምሳጥን በገዛሁ ጊዜ ነው። ግንቦት ላይ ከጭቃ ግድግዳ ጋር አስጠግቼ አቆምኩት፤ ነሐሴ ላይ የታችኛው ጠርዙ እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ ማጠፊያው የያዘበት ቦታ ፈርሶ፣ መዝጊያው በእጄ ላይ ቀረ። ሻጩ በምርቃት መልክ የሰጠኝ፣ አረንጓዴ ቀለም የተለቀለቀ አሮጌ ጠረጴዛ ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ክረምት ምንም አልሆነም። ቀለሙ ሲነሣ ዋንዛ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬም ቤት በማዘጋጅበት ጊዜ ሁሉ ሳሎን የሚገባው እሱ ነው።

ዕቃ ለመፈለግ ጥሩው ወቅት ሰኔና ሐምሌ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና ትምህርታቸውን የጨረሱ ተማሪዎች ከከተማው የሚወጡት በዚያ ሰሞን ስለሆነ፣ ዕቃቸውን ወደ ሌላ ከተማ ከማጓጓዝ በቅናሽ ሸጠው መሄድን የሚመርጡ ጥቂት አይደሉም። ለሰፈር ደላላና ለግቢ ጥበቃ አስቀድሞ መንገር ከሁሉ ይቀላል። እንደ በርጩማ፣ ሰፌድና ሰሌን ላሉት ትናንሽ ነገሮች ደግሞ፣ የጅማው ገበያ ሰፈር ሂርማታ ከጥንት ጀምሮ በሐሙስ ገበያው የታወቀ ነውና፣ ሐሙስ ቀን ገበያውን አለመዞር ያስቆጫል። ትልልቅ ዕቃ ሲገዙ የሻጩን ማንነትና የዕቃውን ዓይነት የሚገልጽ አጭር የስምምነት ወረቀት በምስክር ፊት ይጻፉ፤ የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል።

ዕቃውን ሲመረምሩ ከፊት ለፊቱ አይጀምሩ። ጠረጴዛ ከሆነ ይገልብጡት፤ ቁምሳጥን ከሆነ ከግድግዳው አስለቅቀው ጀርባውን ይዩ፤ መሳቢያ ካለው ሙሉ በሙሉ አውጥተው የታችኛውን ጎን ይመልከቱ። በእውነተኛ እንጨት ላይ ያለው የእንጨት መስመር ከላይኛው ገጽ ወርዶ በጠርዙ በኩል ሲቀጥል ይታያል። ቺፑድ ከሆነ በጠርዙ ላይ የተጨፈለቀ ፍርፋሪ ወይም በላዩ የተለጠፈ ቀጭን ሽፋን ያገኛሉ። ኮምፔንሳቶ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስስ ንብርብሮች አሉት፤ ለቁምሳጥን ጀርባና ለመሳቢያ ወለል የማይናቅ ዕቃ ነው። ቀጥለው እግሮቹን በጣትዎ አንጓ ያንኳኩ። ባዶ የሆነ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም ከእግሩ ሥር የደረቀ የአፈር መስመር ከታየ ምስጥ ገብቶበታል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትተውት ይሂዱ።

ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ያሉት እንጨት ግን ወዲያው የሚጣል አይደለም፤ ነቀዙ ከሄደ ዓመታት አልፈውት ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ በረንዳ ላይ አቁሜ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጥፍና ለአንድ ሳምንት ሳልነካው እተወዋለሁ። በወረቀቱ ላይ አዲስ ደቃቅ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ ሥራ ላይ ነው ማለት ስለሆነ ዕቃው ወደ ቤት አይገባም። ወረቀቱ በተለይ በደረቁና በሞቃቱ ወራት ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ግን ቀዳዳውን በሰም ደፍኖ መጠቀም ይቻላል።

ያገለገለ ፍራሽ በፍጹም አይግዙ። ሶፋ ሲገዙም የስፌቱን መጋጠሚያና የትራሱን ሥር በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ፤ እንደ ቀለም ጠብታ ያሉ ጥቋቁር ነጥቦች የትኋን ምልክት ናቸው። ትኋን ሳይመገብ ለወራት መቆየት ስለሚችል፣ «ሶፋው ከተቀመጠበት ቆየ» የሚለው የሻጭ ቃል ዋስትና አይሆንም። አጥንቱ ጠንካራ የሆነ ሶፋ ካገኙ ስፖንጁንና ልብሱን ሙሉ በሙሉ አስወልቆ በአዲስ ማሰፋት ያዋጣል።

ወደ እድሳቱ ስንመጣ መቅደም ያለበት የሚነቃነቀውን ማጥበቅ ነው። የላላ እግር ላይ ምስማር መምታት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ አያጠብቀውም። መገጣጠሚያውን በጥንቃቄ ነቅለው፣ የቆየውን ሙጫ በቢላ ፍቀው፣ አዲስ የእንጨት ኮላ ቀብተው መልሰው ይግጠሙት። ከዚያም በገመድ ዙሪያውን አስረው፣ በገመዱ መካከል አንድ አጭር ዱላ አስገብተው ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ያጠማዝዙትና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ይህን ያሳዩኝ አንድ አዛውንት አናጢ ናቸው። ምስማር ይዤ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ እንጨትን በእንጨት አስረው፤ ብረቱ ይዝግብሃል» ነበር ያሉኝ።

አሮጌ የዘይት ቀለም ሲነሣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ሥራውን ከቤት ውጭ፣ አፍንጫና አፍን ሸፍነው፣ ቀለሙን በውኃ እያራሱ ይሥሩት፤ የተፋቀውንም በፌስታል ሰብስበው ያስወግዱ እንጂ ግቢ ውስጥ አይበትኑት። ቀለሙ ከተነሣ በኋላ እንጨቱ ይድረቅና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከሸካራው ቁጥር 80 ጀምሮ በ120 አልፎ በደቃቁ 220 መጨረስ በቂ ነው። እጅ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይሂድ፤ መስመሩን አቋርጦ የተፈተገ እንጨት ቫርኒሽ ሲቀባ ጭረቱ ሁሉ ይወጣል። ያ አረንጓዴ ጠረጴዛ በ220 ተፍቆ ካለቀ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው፣ ደብዝዞ የነበረው ገጽ ድንገት ማር የመሰለ ቡናማ ሆነ። በአንደኛው ጥግ የጀበና ቂጥ ያተመው ጥቁር ቀለበት ነበረ፤ ሳልፍቀው ተውኩት፤ እስካሁንም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።

ቫርኒሽ በዝናብ ቀን አይቀባም፤ እርጥበት ሲያገኘው ወይ ይጉረበረባል፣ ወይ ለቀናት እጅ ላይ ይጣበቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በተፈላ የተልባ ዘይት የሚቀቡ ከሆነ የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ ጨርቁ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ውኃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ዘርግተው ያድርቁት።

ሻጋታ የያዘውን መሳቢያ በአቼቶ ጠርጎ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይበቃዋል። አቼቶና በረኪናን ግን ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ለሚቀረው ሽታ ደርቆ የተቀመጠ የቡና አተላ ወይም የተሰባበረ ከሰል በሳህን አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ለጥቂት ቀናት መተው ይረዳል፤ ቡና በማይጠፋበት አገር ይህ ወጪ የለውም።

ዕቃው ከተዘጋጀ በኋላ አቀማመጡ ይቀጥላል። እዚህ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ሁሉንም ዕቃ ግድግዳ ላይ ለጥፎ መሃሉን ባዶ መተው ነው። ግድግዳችን እርጥበት ስለሚይዝ ቁምሳጥንና ቡፌ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለው ይቁሙ፤ በጀርባቸው አየር ሲያልፍ ሻጋታ አይይዛቸውም። በሶፋና በጠረጴዛ መካከል 45 ሳንቲ ሜትር፣ ሰው በሚመላለስበት መስመር ላይ ደግሞ ከ70 ያላነሰ ክፍተት ይተዉ። ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ ባለ ሦስት መቀመጫውን ሶፋ አስወጥተው በምትኩ ሁለት የጅማ በርጩማ ያስገቡ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ በመሆኑ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም እንኳ አይነቃነቅም፤ ሲፈለግ የቡና ስኒ ማስቀመጫ፣ ሲፈለግ የመብራት ማስቀመጫ ይሆናል። የቆየ የእጅ ሥራ ምን እንደሚመስል ዓይኑን ማለማመድ የሚፈልግ ሰው የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች የሚገኙበትን የጅማ ሙዚየም ቢጎበኝ ብዙ ይማራል።

መጋረጃውን ከመስኮቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ቤት በዚህ ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል። የቁምሳጥን መስታወት ከተረፈዎት በመስኮት ትይዩ ሳይሆን በመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ያድርጉት፤ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ያመጣዋል፣ የመንገዱን ግርግር ግን አያሳይም። በየዕቃው ላይ የሚነጠፈውን ዳንቴል እኔም እወደዋለሁ፤ የእናቶቻችን እጅ ያለበት ነገር ነው። ነገር ግን ቤቱ ለተመልካች በሚቀርብበት ጊዜ አንዱን ብቻ ትቶ ሌላውን ማንሣት ይሻላል፤ የቤተሰብ ፎቶም እንዲሁ። ተመልካቹ የራሱን ኑሮ በቤቱ ውስጥ እንዲያስብ ቦታ ሊተውለት ይገባል።

የግድግዳ ስንጥቅን በቡፌ፣ የጣሪያ ፍሳሽን በጨርቅ፣ የሻጋታ ሽታን በዕጣን መሸፈን ግን ቤት ማዘጋጀት ሳይሆን ሰው ማታለል ነው። ያፈሰሰው ቆርቆሮ ይጠገን፤ ያልተጠገነውም በግልጽ ይነገር። ለደላላው የሚላኩትን ፎቶዎች ጠዋት፣ መጋረጃውን ከፍተው፣ ስልኩን አግድም ይዘው በደረት ከፍታ ያንሷቸው።

ቤቱ ተከራይቶ ዕቃው አብሮ የሚቀር ከሆነ በውሉ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ከነሁኔታው ይጻፍ፤ «አንድ የዋንዛ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ የተጠገነ፣ ጥጉ ላይ የጀበና ምልክት ያለበት» ተብሎ እስከ ዝርዝሩ ድረስ፤ ሁለቱም ወገኖች ዕቃውን አንድ በአንድ እያዩ ይፈርሙበት።