«ውሃ ምን ይጎዳል?»፦ ስንጠጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። «ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ ተራ የምታስይዘው ልጅ። ስንት እንደምጠጣ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ገዛሁና ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ መጋት ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ጨርሺው የኔ ልጅ፣ ውሃ ምን ይጎዳል?» እያሉ ያበረታቱኛል። በ40 ደቂቃ ጠርሙሱ አለቀ፣ ወረፋው ግን አልደረሰም። ሌላ ግማሽ ሊትር ጨመርኩ። ስሜ ሲጠራ ራሴን እየፈለጠኝ፣ እያቅለሸለሸኝ ነበር የገባሁት። ባለሙያው ስክሪኑን አየና ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ በዛ። ሂጂና ግማሹን ሸንተሽ ተመለሽ» አለኝ። ግማሹን ብቻ መሽናት የሚባል ነገር እንደሌለ የሞከረ ያውቀዋል።

በኋላ ስጠይቅ፣ ለእንዲህ ዓይነት ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው እስከ 1 ሊትር ነው፤ ያውም ከሰዓቱ ቀደም ብሎ ተረጋግቶ የሚጠጣ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄን ነገር ሳነብና ባለሙያ ስጨቀጭቅ ከረምኩ። የራሴንም የሰፈሬንም ስህተት እንዲህ ልዘርዝረው።

«8 ብርጭቆ ካልጠጣሽ አልጠጣሽም»

ይህቺ 8 ከየት መጣች? ብዙዎች የሚጠቅሱት እኤአ በ1945 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሥነ ምግብ ቦርድ ያወጣውን ምክር ነው። አዋቂ ሰው በቀን 2 ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ይበቃዋል ይላል። ከሥሩ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ የዚህ ውሃ አብዛኛው በምንበላው ምግብ ውስጥ ይገኛል የምትል። ሰው ቁጥሩን አንጠልጥሎ እሷን ጥሏት ሄደ።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እኤአ በ2010 ያወጣው ለሴት 2 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር ተኩል ነው። ይሄ ጠቅላላው ነው፣ ምግቡም መጠጡም ተደምሮ። አንድ አምስተኛው ከምግብ መጣ ብንል፣ ለሴት በመጠጥ የሚቀረው 1.6 ሊትር አካባቢ ነው። ነፍሰ ጡር 300 ሚሊ ሊትር፣ የምታጠባ 700 ሚሊ ሊትር ትጨምራለች። እንጀራ ራሱ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ሽሮው፣ ሾርባው፣ ሻዩ፣ ሐብሐቡ ሁሉ ይደመራል። ደግሞ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ቢሮ ውስጥ የሚውል ሰውና ሰመራ ፀሐይ ላይ ብሎኬት የሚያወርድ ሰው እኩል ይጠጡ ማለት ቀልድ ነው። የሰመራው በላብ ብቻ የሚያጣው የደብረ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ከሚጠጣው ሊበልጥ ይችላል።

ጤነኛ አዋቂ ከሆንክ ውሃ ሲጠማህ ጠጣ፣ ሲበቃህ ተው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ግን የጥም ስሜታቸው ስለሚደክም፣ እናትህ «አልጠማኝም» ቢሉህም አቅርብላቸው።

«ቡና አይቆጠርም»

ይቆጠራል። ቡና ትንሽ ሽንት ያስመጣል እንጂ ከገባው ውሃ በላይ አያስወጣም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ የደረቀ ሰው የለም፤ እንቅልፍ ያጣ እንጂ።

የቀኑን ውሃ ባንድ ትንፋሽ መጋት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞተው በዚህኛው ነው። ጤነኛ ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው 1 ሊትር ቢሞላ ነው። ከዚያ በላይ በፍጥነት ከገባ ትርፉ ደም ውስጥ ይቀራል፣ ደሙንም ያቀጥነዋል። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል መሆን ያለበት ሶዲየም ይወርዳል። ሶዲየም ማለት ያው ገበታ ላይ ያለው ጨው ውስጥ የሚገኘው ነው። ያን ጊዜ ውሃው ወደ ህዋሳት ይገባና ያብጣሉ። ሌላው አካል ቢያብጥ ቦታ አለው። አንጎል ግን የራስ ቅል ውስጥ ታፍኖ ነው ያለው፤ የት ይሂድ?

ጥር 2007 እኤአ፣ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውድድር አዘጋጀ። ውሃ እየጠጣ ሽንት ቤት ሳይሄድ ብዙ የቆየ ሰው የቪዲዮ ጌም ይሸለማል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ የልጆች እናት ነበረች። ስትጨርስ ራሷን በጣም እንደሚያማት ለሥራ ባልደረባዋ ተናግራ ወደ ቤቷ ሄደች። በዚያው ቀን ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ውሃ ብቻ ነው የጠጣችው።

ሯጮች ላይም አለ። እኤአ በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ የ488 ሯጮች ደም ተመርምሮ 13 በመቶው ሶዲየማቸው ወደ 135 ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ተገኘ። ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡት ሮጠው ሲጨርሱ ክብደታቸው ጨምሮ የተገኙት ናቸው። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ መክበድ! በየጣቢያው እየቆሙ ይጠጡ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ታላቁ ሩጫ ላይ እየጨፈርን 10 ኪሎ ሜትሩን በሁለት ሰዓት የምንጨርሰው እኛ፣ ውሃ የያዘ ሰው ባየን ቁጥር መዘርጋት የለብንም። ካልጠማህ እለፈው።

ረመዳን ላይም ያው ነው። ሱሁር ላይ 2 ሊትር ባንዴ ቢጠጡት ቀኑን አያሻግርም፤ ጠዋት ሽንት ሆኖ ይወጣል። ከኢፍጣር ጀምሮ እስከ ሱሁር እየከፋፈሉ መጠጣት ይሻላል። አክፍሎት ይዞ የሰነበተም ሰው ሲፈታ ጀሪካን ላይ መውደቅ የለበትም።

ራስ ምታቱን «ውሃ አንሶኝ ነው» ብሎ መጨመር

ከባዱ ተንኮል ይሄ ነው። ውሃ ሲበዛ የሚታየው ምልክት ውሃ ካነሰው ሰው ጋር ይመሳሰላል፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። እኔም ኮሪደሩ ላይ ራሴን ሲያመኝ ግማሽ ሊትሩን የጨመርኩት ለዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ባለፉት ሁለት ሰዓታት ምን ያህል እንደጠጣህ አስታውስ። ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ከጀመረ፣ ከተደነባበረበት፣ ወይም ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ ውሃ ጨርሶ እንዳትሰጡት። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፣ ለሐኪሙም ምን ያህል እንደጠጣ ንገሩ።

«ኩላሊትሽን እጠቢው»

ጎረቤቴ ያሉ እናት ልባቸውን ያማቸዋል። እግራቸው ያብጣል፤ ጫማቸው ሲወልቅ የካልሲው ጠርዝ ቆዳቸው ላይ ቦይ ሠርቶ ይቀራል። ቡና ሲጠጡ አንዷ «እትዬ፣ እብጠቱ ኩላሊትዎ ስላልታጠበ ነው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ 4 ብርጭቆ ይግፉ» አለቻቸው፤ ቴሌግራም ላይ አይታ ነው። በሳምንቱ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ጋደም ማለት አቅቷቸው፣ በሦስት ትራስ ተደግፈው ሲያድሩ ነው ልጃቸው ሆስፒታል ያደረሳቸው። ልብ ሲደክም ውሃውን የሚገፋው አቅም ያጣል፣ እግርና ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። እሳቸው የውሃ ልክ ነበራቸው፣ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። የቡናው ጉባኤ ሻረው እንጂ።

ኩላሊቱ የደከመ፣ ጉበቱ የተጎዳም እንዲሁ ነው። ኩላሊትን የሚያጥበው ውሃ ቢሆን ኖሮ የኩላሊት እጥበት ወረፋ ባልኖረ። የደም ግፊት ኪኒን የምትወስዱም፣ በተለይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ መድኃኒቱ ራሱ ሶዲየም ሊያወርድ ስለሚችል በላዩ ላይ በሊትር መጋት አይመከርም። በሌላ በኩል የኩላሊት ጠጠር ያለበትን ሰው ሐኪም «ብዙ ጠጣ» ይለዋል፣ እሱም ትክክል ነው። የጎረቤትህ ምክር ለጎረቤትህ በሽታ ነው።

ለጨቅላ ውሃ መስጠት

«ጉሮሮው ደርቋል፣ ትንሽ አርጥቢለት» የምትል አያት በየቤቱ አለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፣ ውሃም አይጨምርም። የእናት ጡት ራሱ ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ቆላም ቢሆን ይበቃል። ያቺ ኩላሊት ገና እንጭጭ ናት፣ ትርፍ ውሃ ማስወጣት አትችልበትም። የጣሳ ወተት የምትሰጡ ደግሞ፣ መወደዱን አውቃለሁ፣ ግን እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን ሕፃኑን እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ይበጥበጥ።

ተቅማጥ ሲይዝ ባዶ ውሃ

ተቅማጥ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ጨውንም ይዞ ይወጣል። ባዶ ውሃ ብቻ መመለስ ግማሹን ዕዳ መክፈል ነው። ኦአርኤስ፣ ሰው ለምለም የሚለው፣ ለዚህ ነው የተሠራው። አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ነው፤ ባዶ የ1 ሊትር ሃይላንድ ካለ ልኩ እሱ ነው። «ይጠንክር» ተብሎ በግማሽ ሊትር አይበጠበጥም፣ «ይብቃን» ተብሎም በ2 ሊትር አይቀጥንም።

ሽንት እንደ ውሃ እስኪጠራ መጠጣት

ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጥሩ ነው። ጠቆር ካለ ጨምር። ቀኑን ሙሉ እንደ ቧንቧ ውሃ ከጠራ ግን በዝቷል፣ ቀንስ። ቫይታሚን የሚውጥ ሰው ደማቅ ቢጫ፣ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ብርቱካናማ፣ ቀይ ሥር የበላም ቀላ ያለ ሊሸና ይችላል፤ አትደንግጡ።

ሽንት ቤት ፈርቶ አለመጠጣት

ይሄ ተቃራኒው ነው፣ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ ማንም አያወራውም። ገበያ የምትውል፣ ረጅም መንገድ የምትሄድ፣ ሽንት ቤቱ የሚያስጠላ ቢሮ የምትሠራ ሴት ጠዋት ወጥታ ማታ እስክትገባ አንድ ጉንጭ አትቀምስም። ጥፋቱ የሽንት ቤቱ ነው እንጂ የሷ አይደለም። ግን መዘዙ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠልና ኢንፌክሽን ሆኖ እሷ ላይ ይመጣል። ቢያንስ መውጫ ሰዓትሽን አስበሽ ከዚያ በፊት ጠጪ፣ ስትገቢም ካሺ።

የማይረካ ጥምን እንደ ጉብዝና መቁጠር

አጎቴ ባለ 2 ሊትር ሃይላንዱን ሳይዝ አይንቀሳቀስም ነበር። «ጎበዝ፣ ራሱን ይጠብቃል» እንላለን። ሌሊት አራት ጊዜ ሽንት ይነሳል። ሱሪው እየሰፋው ሄዶ ቀበቶው ላይ በሚስማር ሁለት ቀዳዳ ጨመረ፤ «ውሃው አቀጠነኝ» ብሎ ደስ ብሎት። ጤና ጣቢያ ለሌላ ነገር ሄዶ ጣቱን ሲወጉት ስኳሩ ከ400 በላይ ሆኖ ተገኘ። ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ በሽንት ይወጣል፣ ሲወጣም ውሃ ጎትቶ ነው፣ ከዚያ ይጠማል፣ ይጠጣል፣ እንደገና ይሸናል። አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል። ሃይላንዱን ቤት ረስቶት ይወጣል።