ጸጉሩ ሄዶ ጥቁሩ ምልክት እንዳይቀር፦ በቤት ውስጥ ጸጉር ስናስወግድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው ጸጉር ባስወገደ ቁጥር ይቀላል፣ ያሳክከዋል። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ጣጣው ቁጣው ሲበርድ አያበቃም። ቆዳው በተቆጣበት ቦታ ቀለም አብዝቶ ስለሚያመርት ጥቁር ነጥብ ጥሎ ያልፋል። መቅላቱ በሁለት ቀን ይጠፋል፤ ጥቁረቱ ወራት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ላይ ጸጉራችን ጥቅልል ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ ታጥፎ ወደ ቆዳው ይመለስና እንደ ብጉር ያብጣል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ለነገው ሠርግ ዛሬ ማታ መነሳት ነው። የጸጉር ማስወገጃ ክሬም ብብቴን የቀባሁት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የዘመድ ሠርግ ሊሆን አንድ ሌሊት ሲቀረው ነበር። ሰዓቱን አላየሁም፤ ስልክ ሳወራ ቆየሁ። በማግስቱ እጅጌ በሌለው ቀሚስ ላይ ነጠላዬን እንደተከናነብኩ ዋልኩ፤ እስክስታውም ለሌሎች ቀረ። ክሬሙ ጸጉሩ የተሠራበትን ኬራቲን የሚያሟሟ ኬሚካል ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋንም ኬራቲን ስላለው፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ባለፈ ቁጥር ቆዳውን መብላት ይጀምራል። አስቀድሞ ትንሽ ቦታ ላይ ቀብቶ፣ በተጻፈው ሰዓት አጥቦ፣ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ለእግር የተሠራውን ፊት ላይ መቀባትም ያው ጥፋት ነው።

ምላጭ የሚመርጡ ሰዎች ደግሞ ይቸኩላሉ። ደረቅ ቆዳ ላይ ወይም በሳሙና ብቻ ይላጫሉ፣ ይጫናሉ፣ እንዲለሰልስም ከጸጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ይስባሉ። ጸጉሩን ለሁለት ሦስት ደቂቃ በሞቀ ውሃ አለስልሶ፣ የመላጫ አረፋ ወይም ቅባት ቀብቶ፣ በበቀለበት አቅጣጫ ሳይጫኑ መላጨት ይሻላል። ሦስትና አራት ስለት የተደረደሩበት መላጫ ጸጉሩን ከቆዳው ወለል በታች ስለሚቆርጠው ጥቅልል ጸጉር ላለው ሰው አይመከርም፤ ባለ አንድ ስለቱ ይበቃል። ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከላጨ በኋላም ይጣል። በእህትማማቾች መካከል እንኳ ምላጭ መዋዋስ አይገባም፤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ በማይታይ የደም ጠብታ ይተላለፋል። ተላጭቶ የሚበቅል ጸጉር ይወፍራል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። ጫፉ ደንዝዞ ስለሚወጣ ሲዳሰስ ይሻክራል እንጂ ሥሩ አልተነካም።

አሁን ወደ ስኳሩ። ቤይሩትና ዱባይ የኖሩ እህቶቻችን ሐላዋ ብለው ያስተማሩን፣ ስኳር በሎሚና በትንሽ ውሃ ተፈልቶ ማር ሲመስል የሚወጣው፣ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ጸጉሩን ከሥሩ የሚነቅለው ነው። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ ሽቶም ማቅለሚያም የለበትም። ስህተቱ ከምድጃ ላይ ይጀምራል። የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ በጣም የበለጠ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ይቀራል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርዶ፣ የእጅ አንጓ ላይ ተሞክሮ ነው የሚቀባው። ጸጉሩ ገና ሩዝ ፍሬ ሳያህል፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ሳይሞላ የሚጀምሩም አሉ፤ ያን ጊዜ ከሥሩ ሳይነቀል መሃል ላይ ይበጠሳል፣ የተበጠሰውም ወደ ውስጥ ይበቅላል። ሲነቀል ደግሞ በአንድ እጅ ቆዳውን ወጥሮ ይዞ፣ በሌላው ከቆዳው ጋር ጎን ለጎን መሳብ ነው እንጂ ወደ ላይ መንጨት ያቆስላል። የቀረችውን አንዲት ጸጉር ለማውጣት ያንኑ ቦታ ሦስተኛ ጊዜ አትድገሙት፤ ወረንጦ ለዚያ ነው የተሠራው። ለብጉር ትሬቲኖይን የምትቀቡ ከሆነ ቆዳችሁ ስለሚሳሳ አብሮ ሊገሸለጥ ይችላል። አይሶትሬቲኖይን የተባለውን የብጉር እንክብል የምትውጡ፣ ወይም ካቆማችሁ ስድስት ወር ያልሞላችሁ፣ ሐላዋውንም በሰም መንቀሉንም ተዉት።

ከሥራው በኋላ አልኮል፣ ሽቶና ዲኦዶራንት ወዲያው መቀባት፣ ጠባብ ሱሪም መልበስ የታወቁ ጥፋቶች ናቸው። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅና ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃል። እሬት የሚወድም ይጠንቀቅ፤ ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ራሱ ቆዳ ያስቆጣል፤ የሚፈለገው የውስጡ ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ነው። ብብት ያነጣል ተብሎ ሎሚ መቀባትም አለ። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ይጠቁራልም።

ወደ ውስጥ የበቀለችውን ጸጉር በመርፌ መቆፈርስ? እኔ ጭኔ ላይ አንድ ጠባሳ አለኝ፤ ምስክሩ እሱ ነው።

አገጫቸው ላይ ወፍራም ጸጉር እየበዛ የወር አበባቸውም የተዛባባቸው ሴቶች ምላጭ ከመቀያየር በፊት ሐኪም ቢያዩ ይሻላቸዋል፤ ነገሩ የሆርሞን ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ጥቁሩ ምልክት ከወጣ በኋላ የሚመጣው ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት ቅባት ተገዝቶ ጠዋትና ማታ ለወራት ይለቀለቃል። መጀመሪያ ላይ የሚያነጣ ይመስላል። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥሮቹንም ያሳያል፤ ይባስ ብሎ በተቀባበት ቦታ ላይ ጸጉር ሊያበቅል ይችላል።